አንድ መርዝ በሁለት ስም

ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያርማል። እኔ ከሚያርሙት ወገን ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ቋንቋ አስተምሬ ስሰናበት ቀይ ብዕሬን ለትምህርት ቤቱ ትቼ ወጣሁ፤ አመሌ ግን ተከትሎኝ ቤት ገባ። የሱቅ ታፔላ ላይ ፊደል ከተሳሳተ ገብቼ ሳልናገር አላልፍም። የሰፈሩ ሰው ወረቀት ይዞ መጥቶ "መምህር፣ ይቺ ምን ማለት ናት?" ሲለኝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። ይህን ከወዲሁ የምናዘዘው፣ ቀጥሎ በምተርከው ስሕተት ውስጥ የኔም እጅ ስላለበት ነው። የተማረ ሰው ሲሳሳት ለብቻው አይሳሳትም፤ የሚያምኑትን ሁሉ ይዞ ነው የሚሳሳተው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሬዲዮዬ ዜናውን እኩሌታው ላይ እየዋጠ ስላስቸገረኝ በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ጋሽ ሞገድ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ሞገድ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሬዲዮ ሲጠግኑ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። የጆሮ መስሚያ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ እሳቸው እጅ ገብቶ ሳይድን የሚወጣ ዕቃ ጥቂት ነበር። ሲሠሩ በአንድ እጃቸው የጋለውን የብየዳ ካውያ፣ በሌላው ዕቃውን ይይዛሉ፤ የብየዳውን ሽቦ ጫፍ ደግሞ በጥርሳቸው። "ሦስተኛ እጄ ጥርሴ ነው" ይሉ ነበር።

የዚያን ቀን ሱቁ ተዘግቷል። በሩ ላይ ያገኘሁት ልጃቸውን ነው፤ ገና ከአውቶቡስ መውረዷ ስለነበር ሻንጣዋ እግሯ ሥር ቆሟል። ተማሪዬ ነበረች። ዛሬ የዕቃዎችን ደረጃ በሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ አባቷ ሲያቆላምጧትም ሲያሾፉባትም "ኢንጂነር" ይሏታል። ከሦስት ወር በፊት የጥገና ሱቆች ሊድ ያለበትን የብየዳ ሽቦ እንዳይጠቀሙ የሚከለክለው ደንብ ሲወጣ ረቂቁን የጻፈችው እሷ ናት። ደንቡ እንዴት እንደተያዘ ለማየት ሦስት ሳምንት ከከተማ ወጥታ ሰንብታለች፤ የአምስት ዓመት ልጇን ሚጡን አያቷ ዘንድ ትታ።

"የዚህን ጎዳና ባልደረቦቼ ሱቅ በሱቅ አይተውታል፣ መምህር" አለችኝ ሰላምታ ስንጨርስ። "ከሰባቱ ሱቆች በአንዱም አሮጌው ሽቦ አልተገኘም። እንዲህ ቶሎ ይሳካል ብዬ አላሰብኩም ነበር።"

እሰይ አልኳት። የተማሪዬ ነገር ከተነሳ ውጤቱን ለራሴም ትንሽ እቆርሳለሁ። ሱቁ ግን ለምን እንደተዘጋ ሁለታችንም አላወቅንም። አሟቸው ይሆናል ብላ ስለሰጋች ሬዲዮዬን እንዳቀፍኩ አብሬያት ወደ ቤታቸው አቀናሁ። በመንገዳችን ስለ ሊድ ክፋት ስታስረዳኝ ራሴን ስነቀንቅ ነበር። ሰው ያልገባውን ነገር ሲሰማ ራሱን አብዝቶ ይነቀንቃል።

ጋሽ ሞገድ አልታመሙም። ጓዳው ውስጥ፣ በጨርቅ በተሸፈነው መስኮት ሥር፣ የሱቁ ጠረጴዛ ከነካውያው ተዘርግቷል። ጢሱ ጣሪያውን ታክኮ ቆሟል። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ሽቦውን በጥርሳቸው ይዘው አንድ የጆሮ መስሚያ ላይ አቀርቅረዋል። ሚጡ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ በዚያው ሽቦ ዝሆን ትሠራለች፤ ከፊቷ ከሽቦ የተጠመዘዙ ዶሮና ወንበር፣ አንድ አራት እግር ያለው ምንነቱ ያለየለት ነገርም ተሰልፈዋል። ሁለቱም እጆቿ ሥራ ላይ ስለሆኑ የሽቦውን ጫፍ እሷም በጥርሷ ይዛዋለች።

እናቷ ሻንጣዋን ጥላ ሄደችና ሽቦውን ከልጅቷ አፍ አወጣች። አልጮኸችም። የልጅቷን ጣቶች በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ጨርቁ ላይ ግራጫ ቀረ።

"አባዬ፣ ይኼ ጠረጴዛ እዚህ ምን ይሠራል?"

"እኔ የምሠራውን ነዋ" አሉ ጋሽ ሞገድ። "ሱቅ ውስጥ አትጠቀሙ ብላችኋል፣ አልተጠቀምኩም። ቤት ውስጥ የሚል አላነበብኩም።"

ቀልዳቸው እንዳልያዘ ሲያዩ ካውያውን አስቀምጠው እንደ ሰው ይናገሩ ጀመር። ደንቡ የፈቀደውን፣ ሊድ የሌለበትን አዲሱን ሽቦ ሞክረውታል። እሳት ይወዳል፤ በአሮጌው ካውያ ቶሎ አይቀልጥም፣ ካውያውን ሲያግሉት ደግሞ የዕቃው የመዳብ መስመር ተላጦ ይነሳል። አሮጌው ሽቦ በደንብ ከተያያዘ ፊቱ ያበራል፣ ካልተያያዘ ይደበዝዛል፤ አዲሱ ግን የያዘውም ያልያዘውም ፊቱ ደብዛዛ ስለሆነ ደጉን ከክፉው መለየት አቃታቸው። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ የጆሮ መስሚያ ሦስት ጊዜ ተሠርቶ ሦስት ጊዜ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ወርውራ ጣለችው፤ አሁን ደንበኛ ሲያናግራት ከንፈር እያየች ነው የምትመልሰው።

"ከእጅ አይሻል ዶማ አመጣችሁብን" አሉ። "ድሮ የሚጠገነው ሁሉ ዛሬ ቆሻሻ ገንዳ ነው የሚገባው። ሽቦው እኮ እዚያም ዕቃው ውስጥ አለ። ከጠረጴዛ አንስታችሁ ገንዳ ውስጥ ከተታችሁት እንጂ የት አጠፋችሁት?"

"ይኼንንስ ሽቦ ከየት አመጣኸው? ስም እንኳ የለውም።"

"በጓሮ በር ነው የሚሸጠው። ከምን እንደሚያቀልጡት እንጃ። የድሮውን ያህል ጥሩ አይደለም፤ ግን ይይዛል።"

ኢንጂነሯ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ሌሎቹስ ስድስቱ ሱቆች?"

"እንደኔው። ሁሉም ጓዳው ውስጥ ነው የሚሠራው። ሱቁ ንጹህ ነው፣ ልጄ። ቤቱን ማን አየው?"

ይህን ሲሉ ሊያሳፍሯት ፈልገው አልነበረም። እሷ ግን የልጇን እጅ እንደያዘች አንገቷን ደፋች። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ መርዙን ከሱቅ ያስወጣው ደንብ ሰባት ቤት ድረስ ተሸክሞ እንዳስገባው በዚያች ቅጽበት ገብቷታል። ካስገባባቸው ቤቶች አንዱ የራሷ ልጅ የምትተኛበት ነው።

ትንሽ ቆይታ ሌላ ነገር ጠየቀች። ሚጡ የምትሥልበት ባለቀለምና ጥቁር እርሳስ ከነወረቀቱ ገዝታላት ነበር የሄደችው፤ የት ሄዶ ነው ልጅቷ በሽቦ የምትጫወተው?

የጋሽ ሞገድ ፊት በራ። አሁን ትመሰገናለህ ተብሎ እንደተጠራ ተማሪ ቀና አሉ። "ቁምሳጥኑ ላይ ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ ላይ የጤና ሰዎች የለጠፉትን አላየሽም? 'ልጆቻችንን ከእርሳስ እንጠብቅ' ይላል። በዚያው ቀን ሰበሰብኩት። አለቀሰችብኝ፤ ቢሆንም ጨክኜ ደበቅኩትና እንዳይከፋት ሽቦ ሰጠኋት። ማስታወቂያውን ያፍታቱልኝ መምህር ናቸው። ይኸው ይመስክሩ።"

ጉዴ ፈላ። እውነት ነው፣ አፍታትቼላቸዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ግድግዳው ሥር ቆመው ሲጠይቁኝ፣ ልጆች እርሳስ እንደሚያኝኩ፣ ጥቁሩ ነገር መርዝ እንደሆነና ዱቄቱ ሆድ እንደሚገባ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ከራሴ አፍልቄ ሩብ ሰዓት አስረድቻቸው ነበር። እርሳስ የሚለው ቃል የመጻፊያውም የማዕድኑም ስም መሆኑን ለስንት ትውልድ ተማሪ በፈተና ያወጣሁ ሰው፣ ግድግዳ ላይ ሳገኘው አላወቅኩትም። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚሉት ለኔ ነው።

ኢንጂነሯ አልፈረደችብኝም። ተነስታ ከቁምሳጥኑ ላይ አንድ ጥቁር እርሳስና ወረቀት አወረደች። ሁላችንም፣ ሚጡም ጭምር፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ቆምን። በእርሳሱ አንድ መስመር አሰመረች። ከዚያ ያንን ስም የለሽ ሽቦ አንስታ ከሥሩ ወረቀቱ ላይ ደጋግማ ጫን አድርጋ ሳበችው። ሁለተኛ ግራጫ መስመር ወጣ። ከመጀመሪያው ፈዘዝ ይላል እንጂ ወንድሙ ነው የሚመስለው።

"ነገርን ከሥሩ ነውና፣ አባዬ፣ እየው" አለች። "በድሮ ጊዜ ሰው በዚህ ሽቦ ውስጥ ባለው ማዕድን ያሰምር ነበር። በኋላ የተሻለ መጻፊያ ሲገኝ ስሙን ወረሰ እንጂ ይኼ መጻፊያ ውስጥ ያለው የከሰል ዘመድ ነው፤ እርሳስ የለበትም። ልጅን የሚጎዳው እርሳስ ይኼኛው ነው።" ሽቦውን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም። "በአቧራው፣ በእጅ፣ በአፍ ይገባል። የልጅን አእምሮ ነው የሚነካው፤ ትምህርቷን፣ ጠባይዋን፣ መስሚያዋን። ትንሹም ትንሽ አይባልም።"

ጋሽ ሞገድ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"ሊድ የምትሉት እርሳስ ነው?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ታዲያ ለምን እርሳስ አላላችሁም?"

እሷ ሽቦውን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

"እኔ ሊድ ስትሉ የፋብሪካ ነገር መሰለኝ" አሉ፤ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። "ለውጭ ዕቃ የወጣ ሕግ መሰለኝ። የኔ ሽቦ ለኔ ሽቦ ነው። እርሳስ ነው ብትዪኝ እኮ ሚጡ ያለችበት ደጃፍ አላደርሰውም ነበር። ወድጄ ነው እንዴ የሰጠኋት?" ከዚያ እጃቸውን ተመለከቱ፤ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ወደ ኋላቸው ወሰዱት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ንጹሑ እርሳስ ቁምሳጥን ላይ ታስሮ ጥፋተኛው ሽቦ በልጅ አፍ ውስጥ ከረመ። ከአነጋገር ይፈረዳል የተባለውም ለዚህ ነው፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ሊድ፣ ሌላው እርሳስ ብሎ ጻፈ፤ በመካከላቸው አንድ አያት የሁለቱንም ትእዛዝ እንደገባቸው ጠብቀው ያችን የሚሳሱላትን ልጅ በገዛ እጃቸው መረዟት።

በዚያው ቀን ጠረጴዛው ወደ ሱቁ ተመለሰ። ወለሉ ሳይጠረግ በርጥብ ጨርቅ ተወለወለ፤ ምንጣፉ ወጣ። ኢንጂነሯ ጓዳው ውስጥ ሆና አባቷን ስትጠይቅ ዋለች፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ፣ "የአዲሱ ሽቦ ማዕድን፣ ንጹሕ ቆርቆሮው፣ ቆይቶ ፀጉር ያበቅላል ብልሽ አረጀ ትይኛለሽ፤ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ፀጉሩ አንዱን መስመር ከአንዱ እያገናኘ ዕቃ ያቃጥላል" አሏት። እሷም እውነት ነው፣ በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ አለች። መጽሐፏ ያስተማራትን የአባቷ ዓይን ከእሷ ቀድሞ ማየቱ ሁለቱንም ትንሽ አሳቃቸው። ደንቡ ልክ መሆኑን አልካደችም። የተሳሳተው አካሄዱ ነው፤ ክልከላው ቀድሞ ትምህርቱና መሣሪያው ቀረ አለች። ጋሽ ሞገድም ከዚያ በኋላ ስለ ደንቡ አልተከራከሩም። የሚያሳስባቸው ሌላ ነበር።

በማግስቱ ሚጡ ጤና ጣቢያ ሄዳ ለምርመራ ደም ሰጠች፤ ውጤቱ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንትም ከዚያ በኋላም አያቷ አልነኳትም። ሐኪሙ እጅዎን በደንብ ታጥበው ልብስ ከቀየሩ ማቀፍ ይችላሉ ብሏቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ከልጅቷ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ተቀምጠው እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው ነው የሚያጫውቷት። ልጅቷ ልትታቀፍ ስትመጣ ተነስተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ፣ "አባባ ተቆጥቶኛል?" ስትል ሰማኋት። እሳቸውም ሰምተዋል። ወደ ደጅ ወጡ፤ እኔም ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ሬዲዮዬን የምነካካ መሰልኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ከሚፈለገው በላይ ነበር፤ ነገር ግን ለክፉ የሚሰጥ አልነበረም። ምንጩ ከቤት ከወጣ፣ በደንብ ከበላችና እጇን ከታጠበች ይወርዳል፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ እናያታለን አለ ሐኪሙ። ጋሽ ሞገድ ይህን ሰምተው ሲያበቁ እጅጌያቸውን ሰብስበው የራሳቸውን ክንድ ዘረጉ። ከሌላ ሳምንት በኋላ የመጣው የሳቸው ውጤት የልጅቷን ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሆድ ቁርጠት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መርሳት አለብዎት ወይ ሲላቸው ሁሉንም አዎ አሉ። እርጅና ነው ብለው ለማንም ሳይናገሩ ስንት ዓመት ኖረዋል። ልጃቸው እዚያው ወንበር ላይ ማልቀስ ስትጀምር ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ "እንኳንም የኔ በለጠ፣ ልጄ። ተገላቢጦሽ ቢሆን ምን ይውጠን ነበር?" አሏት።

ከሁለት ወር በኋላ መሥሪያ ቤቱ የከተማውን ጠጋኞች በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ አዳራሽ ሰበሰበ። ኢንጂነሯ አዲስ ማስታወቂያ አርቅቃ ነበር፤ እንዳርመው ሰጥታኝ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማረሜ በፊት ጠየቅኳት። "ሊድ ማለት እርሳስ ነው፤ እናንተ አሮጌው ሽቦ የምትሉት ነው፤ የልጆች መጻፊያ እርሳስ ግን አይደለም" ይላል። ከማስታወቂያው ጋር ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ በውሰት፣ የአዲሱ ሽቦ ሥልጠና፣ የአሮጌው ሽቦ መሰብሰቢያ፣ ጠባብ ሱቅ ላላቸውም ሰፊ መስኮት ያለው የጋራ መሥሪያ ክፍል ተዘጋጅቷል። በአዲሱ ሽቦ በቀላሉ የማይያዙ የሕክምና ዕቃዎች በዚያ ክፍል ብቻ፣ በጥንቃቄ፣ በአሮጌው እንዲሠሩ ጊዜ ተሰጥቷል።

ጠጋኞቹ ግን አጉረመረሙ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ሁሉም ሊለው የፈለገውን በትሕትና ተናገረ። "ጋሽ ሞገድ፣ ደንቡን ያወጣችው ልጅዎ ናት፤ አይፈረድብዎትም። እኛ ግን በዚህ ሽቦ ኖረን እዚህ ደርሰናል። ማን ሞተ?"

ጋሽ ሞገድ ተነሱ። ለንግግር አልለመዱም፤ ወንበሩን ይዘው ነው የቆሙት።

"እኔም እንዳንተ ነበር የምለው" አሉት። "ማን ሞተ እል ነበር። ይኼው የደሜ ወረቀት፤ ማንበብ የሚችል ያንብብላችሁ። እጄ የሚንቀጠቀጠው በእርጅና አይደለም። እሱስ ይሁን፣ የኔ አልፏል። የልጅ ልጄ ግን አምስት ዓመቷ ነው። እኔን አይታ ሽቦውን በጥርሷ ያዘች። የሚወደውን ሰው ነው ልጅ የሚቀዳው። ከእናንተ ውስጥ ልጁ የማይቀዳው ማን ነው?"

ቀጥለው አዲሱን ሽቦ በሁለት ወር እንዴት እንደለመዱት ነገሯቸው። ሙቀቱ ከተስተካከለ መዳቡ አይላጥም፤ ደጉ ብየዳ ከክፉው የሚለየው በማብራቱ ሳይሆን ዙሪያውን አጥብቆ በመያዙ ነው፤ ይኼን ለማየት እሳቸውም እንደ ጀማሪ አጉሊ መነጽር ገዝተዋል። የልብስ ሰፊዋ መስሚያ ከገንዳ አጠገብ ተገኝቶ በጋራው ክፍል ተሠርቷል፤ እስካሁን አልተሰነጠቀም። በደጅ ከሠራን ደንበኛ ይመጣል፣ በጓዳ ከሠራን ልጆቻችን ይተነፍሱታል አሉ። ጥርስ ለምግብ ነው፤ ሽቦ መያዣ ከፈለጋችሁ ከቁራጭ እንጨት እኔ እሠራላችኋለሁ አሉ። የሥራ ልብስ ቤት አይግባ፤ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አይበላ፤ ጠረጴዛው በርጥብ ጨርቅ ይወልወል። አንድ በአንድ፣ ልክ ዕቃ ፈትተው እንደሚያሳዩ አድርገው ተናገሩ።

"ደንቡ መጀመሪያ ሲመጣ በማናውቀው ስም ነው የመጣው" ብለው ጨረሱ። "ለዚህም፣ ልጄ ጥፋቴ ነው ብላለች፣ መምህርም ጥፋቴ ነው ብለዋል፣ የኔም ጥፋት ነው። አሁን ግን ስሙን ሁላችንም አውቀነዋል። ካወቅን በኋላ የሚሆነው የኛ ፈንታ ነው።"

የጠየቃቸው ጎልማሳ ወደ ፊት መጣ። ከኪሱ አንድ ጥቅል ሽቦ አውጥቶ መሰብሰቢያው ሣጥን ውስጥ ጣለና ወደ ጓሮው ቧንቧ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ትንሽ ቆይቶ ሰልፍ ሆነ። እነዚያ ጥቁር ጣት ያላቸው ሰዎች ሳሙና እየተቀባበሉ ሲታጠቡ ማንም አልቀለደም። አብዛኞቹ ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤታቸው፣ ወደ ልጆቻቸው ነው የሚሄዱት።

ጋሽ ሞገድ መጨረሻ ላይ ደረሱ። እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ ጥፍራቸውን በብሩሽ ፈተጉ፤ አፋቸውን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ፤ የሥራ ሸሚዛቸውንም አውልቀው በላስቲክ ቋጠሩት። የሚጡ ሁለተኛ ውጤት በዚያው ጠዋት መጥቶ ነበር፤ ወርዷል። ልጅቷ ከእናቷ ጋር በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ አያቷ ሁለት ወር ሙሉ ሳያቅፏት ስለቆዩ ወደ እሳቸው አልሮጠችም።

"ነይ" አሏት፣ ተንበርክከው። "አሁን ንጹሕ ነኝ።"